ሞተሩ መሀል ሐይቅ ላይ ሲቆም

በእኛ አገር፣ ጌጫ ላይ፣ ጀልባ አይታይም። ውሃ ግን ሞልቷል፤ ከአንዴራቻና ከማሻ ደን የሚወርደው ዝናብ ከምንጭ ወደ ጅረት፣ ከጅረት ወደ ወንዝ እየተሰበሰበ ቁልቁል ወደ ባሮ ተፋሰስ ይሄዳል። የእኛ አገር ሰው ጀልባ ላይ የሚወጣው ወይ ጋምቤላ ሲወርድ ነው፣ ወይ ደግሞ የጣናን ገዳማት ሊሳለም አገር አቋርጦ ባሕር ዳር ሲደርስ። በሁለቱም ቦታ የሚሳፈረው ከኋላዋ አንድ ሞተር በተንጠለጠለባት ትንሽ ጀልባ ላይ ነው። አንድ ሞተር ብቻ ነው ያለው፤ እሱ ከጠፋ ምትክ የለውም።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ለባለ ጀልባውም፣ ለነጂውም፣ ከጓደኞቹ ጋር ጀልባ ለተከራየውም ሰው ነው። ስለ ጣና አበዛለሁ፤ ምክንያቱም መንገደኛ የሚበዛው እዚያ ነው፤ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ፣ ወደ ክብራን ገብርኤልና ወደ እንጦስ ኢየሱስ፣ ራቅ ሲል ወደ ደቅ ደሴትና ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ጀልባ ይመላለሳል። የባሮን ነገር ወደ ኋላ አነሳለሁ፤ ወንዝ የራሱ ሕግ አለው።

በመጀመሪያ አንድ ሒሳብ እንያዝ። ጤነኛ ሰው ሳይደክም ለረጅም ጊዜ ሊያወጣው የሚችለው ኃይል ከአንድ የፈረስ ጉልበት አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ባለ 40 የፈረስ ጉልበት ሞተርን ለመተካት እንግዲህ 400 ቀዛፊ ያስፈልግ ነበር። ደግነቱ ውሃ በዝግታ ለሚሄድ ለዘብ ይላል፤ የጀልባዋ ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ የምትጠይቀው ኃይል ወደ አንድ ስምንተኛ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ ሁለት ሰዎች ተራ በተራ እየተተካኩ የተጫነች ጀልባን በጸጥተኛ ውሃ ላይ በሰዓት 2 ወይም 3 ኪሎ ሜትር ሊያስኬዷት ይችላሉ። ከዚያ በላይ ማስሮጥ የሚሞክር ሰው በሩብ ሰዓት ውስጥ ክንዱ ይዝላል፤ ጀልባዋም እምብዛም አልፈጠነችም። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ የተሠራው በዚህ ሒሳብ ላይ ነው፤ ጉልበትዎ ትንሽ ስለሆነ ነፋሱን፣ ሰዓቱንና አቅጣጫውን እየመረጡ ይጠቀሙበት።

ከዳር ሳይነሱ

ብዙ ጀልባ ላይ መቅዘፊያ አለ፤ ያለው ግን ከወንበር ሥር፣ በጆንያና በጀሪካን ተቀብሮ ነው። አንዳንዱም አጭር ነው፤ ከጀልባዋ ከንፈር ላይ ጎንበስ ብለው ቢዘረጉት ጫፉ ብቻ ውሃ ይነካል። እንዲህ ያለው መቅዘፊያ ለፈታሽ ዓይን የተቀመጠ ነው።

የሚሠራ መቅዘፊያ ርዝመቱ ከጀልባዋ ወርድ ጋር ይመዛዘናል። ወርዷ 1 ሜትር ከ80 ሳንቲ ሜትር የሆነች ጀልባ በየጎኑ 2 ሜትር ተኩል ያህል መቅዘፊያ ትፈልጋለች። መደገፊያው ላይ ሲያርፍ ከርዝመቱ ከሩብ እስከ ሲሶ ድረስ ወደ ውስጥ፣ ቀሪው ወደ ውጭ ይሁን። ውስጠኛው ክፍል ካጠረ ክንድ ይሰብራል፤ ከረዘመ ደግሞ ሰፊው ጫፍ ውሃ ውስጥ የሚጓዘው መንገድ አጭር ይሆናል። ከኋላ ሆኖ በአንድ መቅዘፊያ ለመሄድ ከ3 ሜትር በላይ የሆነ አንድ ረጅም ይጨመር። እንጨቱ ቀጥ ያለ፣ ጉጥ የሌለው፣ ያልተሰነጠቀ ይሁን፤ ዋንዛ ቀላል ስለሆነ ለእጅ ይመቻል፤ ባሕር ዛፍ ጠንካራ ቢሆንም ይከብዳል። ማሻና አንዴራቻ ላይ እንደ ልብ የሚበቅለው የደጋ ቀርከሃም ለረጅሙ ዘንግ ጥሩ ነው፤ ጫፉ ላይ ቀጭን ጣውላ በናይለን ገመድ አጥብቆ ማሰር ይበቃል።

መቅዘፊያ የሚያርፍበት ቦታ ከሌለ መቅዘፊያው ራሱ ግማሽ ዕቃ ነው። የብረት ሹካ ያላት ጀልባ ጥቂት ናት። መፍትሔው ግን ርካሽ ነው፤ በከንፈሯ ላይ አንድ ጠንካራ ካስማ ይተከል ወይም ብረት ይበየድ፣ በእሱ ላይ የገመድ ቀለበት ይታሰር፣ መቅዘፊያው በቀለበቱ ውስጥ ይለፍ። መቅዘፊያው ከእጅ ሲለቀቅም ወደ ውሃ አይወድቅም፤ ይህ ሌላው ጥቅሙ ነው።

ከመቅዘፊያ ቀጥሎ የምጠይቀው መልህቅና ገመዱን ነው። ጣና ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታው 15 ሜትር ገደማ ነው። ከጥልቀቱ ሦስት እጥፍ ገመድ የለቀቀ መልህቅ ነፋስ ባልበረታበት ጊዜ ይይዛል፤ ስለዚህ 45 ሜትር ገመድ ያለው ጀልባ በጣና ላይ መቆም የማይችልበት ቦታ የለም ማለት ይቻላል። ይህን ዕድል ሁሉም ሐይቅ አይሰጥም። ሆኖም ብዙ ነጂ የሚይዘው 10 ሜትር ሲባጎና አንድ ድንጋይ ነው፤ ድንጋይ ደግሞ በጭቃ ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይነክስም።

የቀረውን ቶሎ ልቁጠረው፤ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የነፍስ አድን ጃኬት (የሚለበስ እንጂ የሚነጠፍ አይደለም)፣ ፊሽካ፣ የእጅ ባትሪ፣ ውሃ መቅጃ፣ የካንዴላ ቁልፍ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ መለዋወጫ ካንዴላ፣ የሚጠጣ ውሃ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ስልክ።

ሞተሩ ሲጠፋ

መጀመሪያ ሰው ይቀመጥ። ሞተር ድንገት ጸጥ ሲል ሁሉም ለማየት ወደ ኋላ ይነሳል፤ ጀልባ የምትገለበጠው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሞተሩ መጥፋት ሳይሆን በዚህ ግርግር ነው። ጃኬቱን ያላደረገ አሁን ያድርግ። በተለይ ጀልባዋ በአባይ መውጫ በኩል ከሆነች፣ ወይም ነፋሱ ወደ ድንጋያማ ዳር እየገፋት ከሆነ፣ ሞተሩን ከመንካትዎ በፊት መልህቅ ይጣሉ። ቆማ የምትጠብቅ ጀልባ ጊዜ ትሰጣለች።

ከዚያ ሞተሩን ለአሥር ደቂቃ ይመርምሩ፤ ከዚያ በላይ አይጨምሩ። የተለመዱት ምክንያቶች ቀላል ናቸው፤ የነጂው እጅ ላይ የሚታሰረው የማጥፊያ ገመድ ተነቅሎ ይሆናል፤ የነዳጅ ጋኑ ክዳን ላይ ያለችው የአየር ቀዳዳ ተዘግታ ይሆናል፤ በነዳጅ ቱቦው ላይ ያለችው የላስቲክ መጭመቂያ ልል ከሆነች ነዳጅ አልደረሰም ማለት ነው፤ ካንዴላው ረጥቦ ወይም ጠቁሮ ይሆናል። ጣና ላይ አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ መኖሩ የታወቀው እምቦጭ። ሥሩና ግንዱ ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል፣ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ የሚገባበትንም ወንፊት ይደፍናል። ሞተሩን አጥፍተው፣ ማርሹን ነጻ አድርገው፣ ወደ ላይ አንስተው በእጅ ይልቀሙት። ሞተሩ እየሠራ ወደ ፕሮፔለር እጅ የሚዘረጋ ሰው ጣቱን ይሰጣል።

አሥር ደቂቃው ካለቀ ማስነሻ ገመዱን መጎተት ይተዉ። ብዙ ነጂ እዚህ ላይ ግትር ነው፤ ላቡ እስኪንጠባጠብ ይጎትታል፤ ነፋሱ ግን አይጠብቀውም፤ ለቀዘፋ የሚሆነውም ጉልበት ሞተሩ ላይ ያልቃል። በዚህ ጊዜ ስልክ ይደወል፤ ለጀልባ ማኅበሩ፣ ዳር ላይ ላለ ዘመድ፣ ካልሆነም ለፖሊስ 991። የት እንዳሉ ሲናገሩ በሚታይ ነገር ይግለጹ፤ «ዘጌን በግራ፣ ክብራንን ከፊት እያየን» ቢሉ «መሀል ሐይቅ ላይ ነን» ከማለት ይሻላል።

ወዴት?

የተቸገረ ሰው የሚያስበው የተነሳበትን ወደብ ነው። መቅዘፊያ ግን ወደፈለጉበት ሳይሆን ወደሚቻልበት የሚወስድ መሣሪያ ነው። እጅዎን ወደ ላይ አንስተው ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ይለዩ፤ ከዚያ ነፋሱ በሚሄድበት ወገን ካሉት ዳሮች መካከል ለመውረድ የሚመቸውን ይምረጡ። ነፋሱን ከኋላ ወይም ከኋላ ጎን ካደረጉት ግማሹን ሥራ እሱ ይሠራል። ወደ ጎን ማፈንገጥ ካለብዎ በጥቂቱ ያፈንግጡ። ነፋሱን ፊት ለፊት ገጥሞ ተሳፋሪ የሞላባትን ጀልባ መቅዘፍ፣ ነፋሱ ቀላል ካልሆነ በስተቀር፣ አይሞከር፤ እንዲያውም ወደ ኋላ እየሄዱ መሆኑን ሳያውቁት ይደክማሉ።

እየሄዱ መሆንዎን የሚያውቁት በምልክት ነው። ዳር ላይ አንዱ ከአንዱ ጀርባ የሚታዩ ሁለት ነገሮችን ይምረጡ፤ ለምሳሌ አንድ ትልቅ ዛፍና ከኋላው ያለ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት። ሁለቱ እንደተደራረቡ ከቆዩ መስመርዎን አልለቀቁም፤ ከተለያዩ ነፋስ ወይም የውሃ ግፊት ወደ ጎን እየወሰደዎት ነው። ቀዛፊ ፊቱ ወደ ኋላ ስለሆነ ምልክቶቹን ከኋላ ቢመርጥ ይመቸዋል።

ስለ ሰዓትም ማወቅ ያስፈልጋል። ፀሐይ የብሱን ከውሃው አስቀድማ ታሞቃለች፤ የሞቀው አየር ሲነሳ ከሐይቁ ላይ ቀዝቃዛ አየር ወደ የብስ ይገባል። ስለዚህ ጠዋት መስታወት የመሰለው ጣና ከቀትር በኋላ ይናወጣል፤ ሐይቁ ጥልቀት ስለሌለው ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ነው፣ ጀልባን ከረጅም ሞገድ ይልቅ ያንገላታል። ባሕር ዳር በሐይቁ ደቡብ ጫፍ ላይ ስለሆነች ይህ የቀን ነፋስ ከሐይቁ ወደ ከተማዋ ሊገፋዎት ይችላል። ደግ ይመስላል፤ ነገር ግን በዚያው ደቡብ ጫፍ አባይ ከሐይቁ ይወጣል። በመውጫው ላይ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ የተሠራው የጨረጨራ መቆጣጠሪያ በሮች አሉ፤ ከዚያ በታች ወንዙ ወደ ጢስ ዓባይ ይወርዳል። በደብረ ማርያም አካባቢ ጉማሬም አለ። ወደዚያ ወገን የሚወስድዎ ግፊት ከተሰማዎ ያለ ክርክር መልህቅ ይጣሉና እርዳታ ይጠብቁ። ነፋሱ ከመሸ በኋላ ብዙ ጊዜ ስለሚረግብ፣ መልህቅዎ ከያዘ መጠበቅም አንዱ ዘዴ ነው።

ጀልባዋን ለቀዘፋ ማዘጋጀት

የፀሐይ መከላከያው ሸራ ይውረድ። ቱሪስት የሚወደው ያ ጣሪያ ነፋስ ሲመጣ ጀልባዋን ወደ ጎን የሚነዳ ክንፍ ነው። ጣሪያው ብረት ሆኖ የማይነሳ ከሆነ ቢያንስ የጎኖቹ መጋረጃዎች ይጠቅለሉ። ውሃ ውስጥ የገባው ሞተርም ይጎትታል። ሁለት እኩል የሆኑ ቀዛፊዎች ካሉዎት ወደ ላይ ያንሱት። አንዱ ጎን ከሌላው ከደከመ ወይም ሞገዱ ጀልባዋን እያዞራት ካስቸገረ ግን ዝቅ ያድርጉትና አንድ ሰው እንደ መሪ ይጠቀምበት፤ መጎተቱ ቀጥ ብላ በመሄዷ ይካሳል።

ሰውን እንደ ጭነት ያስተካክሉ። ነፋሱ ከፊት ከሆነ ጥቂት ክብደት ወደ ፊት ይምጣ፤ አፍንጫዋ ቀለል ካለች ነፋሱ ወደ ጎን ይጥላታል። ነፋሱ ከኋላ ከሆነ ክብደቱ ወደ ኋላ ያዘንብል። የገባ ውሃ ይቀዳ፤ በአንድ ጀሪካን ውስጥ ያለ 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው፣ ጀልባዋ ውስጥ ሲዋልል ደግሞ ክብደቱ ብቻ አይደለም ጉዳቱ፣ ወዳዘነበለችበት ወገን እየሮጠ ይጨምርባታል።

ሁለት መቅዘፊያ፣ ሁለት ጎን

ቀዛፊው ጀርባውን ወደሚሄድበት አቅጣጫ አድርጎ ይቀመጣል። እግሩን የሚያስደግፍበት ነገር ይፈልግ፤ ወንበር፣ የጀልባዋ አጥንት፣ የታሰረ ጀሪካንም ይሆናል። እግር ካልተደገፈ መቅዘፍ በክንድ ብቻ ይሆናል፤ ክንድ ደግሞ ከእግርና ከወገብ ጋር ሲወዳደር ደካማ ነው።

ክንድዎን ዘርግተው፣ ከወገብዎ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው ይጀምሩ። ሰፊውን ጫፍ ቀጥ አድርገው ውሃ ውስጥ ያስገቡ፤ እስኪሸፈን ብቻ፣ ከዚያ በላይ ማጥለቅ ጉልበት ይበላል። እጆችዎ ቀጥ እንዳሉ በእግርዎ ይግፉ፣ ጀርባዎን ወደ ኋላ ያዘንብሉ፣ መጨረሻ ላይ ብቻ ክንድዎን ወደ ደረትዎ ይጎትቱ። ከዚያ መያዣውን ወደ ታች ጫን በማድረግ ሰፊውን ጫፍ ከውሃ ያውጡ። ሲመልሱት የእጅ አንጓዎን አዙረው ጫፉን ጠፍጣፋ ያድርጉት፤ ነፋስ ባለበት ቀን ይህ ትንሽ እንቅስቃሴ ብዙ ያድናል።

ፍጥነት አያስፈልግም። በደቂቃ 20 ምት ገደማ ከበቂ በላይ ነው። ጀልባዋ በእያንዳንዱ ምት መሀል እንድትንሸራተት ይተዉአት፤ ከባድ ጀልባ አንዴ ከተነሳች ግስጋሴዋን ትጠብቃለች፣ ከቆመች ግን እንደገና ማስነሳቱ ከሁሉ ይከብዳል። ቀዛፊ ሲቀየር ሁለቱም ጎን በአንዴ አይቁም። በየአሥሩ ወይም በየአሥራ አምስቱ ደቂቃ ተራ ይቀያየሩ፤ «አልደከመኝም» የሚለውንም ሰው ይቀይሩት፤ የሚናገረው ኩራቱ ነው። ለመቅዘፍ ያልተለመደ እጅ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ውሃ ይቋጥራል፤ ነጠላም ይሁን ካልሲ ከመጀመሪያው ይጠቅልሉበት።

አንድ ሰው ድምፅ ይስጥ። እዚህ ላይ እንደ እኛ ያለ የደቦ ሕዝብ ትምህርት አያስፈልገውም፤ አጨዳን በዜማ የሚያስኬድ አውጪ ቀዘፋንም ያስኬዳል። ልጆችና ሽማግሌዎች የሚረዱት በዚህ ነው፤ አውጪ ይሁኑ፣ ምልክት ይጠብቁ፣ ውሃ ይቅዱ።

መደገፊያ የሌለበት አጭር መቅዘፊያ ብቻ ካለ በየጎኑ ሰው ተንበርክኮ እንደ ታንኳ ይቅዘፍ። የጣና ደንገል ታንኳ ባለቤቶች አንዱን ረጅም ዘንግ በግራና በቀኝ እያፈራረቁ ይሄዳሉ፤ ታንኳዋ ግን ከውሃው ብዙም ከፍ አትልም። የእርስዎ ጀልባ ከንፈሯ ከፍ ያለ ስለሆነ ክንድዎን ውጭ ማውጣት ይኖርብዎታል፤ ጎንበስ ሲሉ ከሌላው ጎን አንድ ሰው ሚዛን ይጠብቅ።

አንድ መቅዘፊያ ከኋላ

ይህን ዘዴ የሚያውቅ ሰው አገራችን ውስጥ ብዙም አላጋጠመኝም፤ መማር ግን ይገባል። ምክንያቱም አንድ ሰው ብቻውን፣ በአንድ መቅዘፊያ፣ ከንፈሯ ከፍ ባለ ጀልባ ላይም ቢሆን መሄድ ይችላል። ቻይናና ጃፓን ውስጥ ለብዙ ዘመን ከባድ የጭነት ጀልባዎች የሄዱት በዚህ ዓይነት ቀዘፋ ነው።

በኋለኛው ጣውላ ላይ፣ ከሞተሩ ጎን፣ መቅዘፊያው የሚያርፍበት ግማሽ ክብ ይቦርቦር፤ ካልሆነ የገመድ ቀለበት ይታሰር። ረጅሙ መቅዘፊያ በዚያ ላይ ያርፋል፤ ሰፊው ጫፍ ወደ ኋላና ወደ ታች ዘንበል ብሎ ውሃ ውስጥ ይገባል። ቀዛፊው ቆሞም ተቀምጦም ይሆናል፤ ሞገድ ካለ ይቀመጥ።

እንቅስቃሴው ግራና ቀኝ ነው። መቅዘፊያው ከውሃ አይወጣም። መያዣውን ወደ ቀኝ ሲገፉ ሰፊው ጫፍ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ወደ ግራ ሲስቡ ወደ ቀኝ። ምሥጢሩ የእጅ አንጓ ላይ ነው፤ ጫፉ በሚሄድበት ወገን ያለው ጠርዝ ዝቅ፣ ከኋላ የሚከተለው ጠርዝ ከፍ ይበል። ስለዚህ በየመታጠፊያው አንጓዎን ያዞራሉ። በትክክል ሲሠራ መቅዘፊያው ወደ ታች ለመጥለቅ ይሞክራል፣ ውሃውን ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ ጀልባዋም ወደ ፊት ትሄዳለች። መቅዘፊያው እየተንሳፈፈ ከመቀመጫው የሚዘል ከሆነ አንጓዎን በተቃራኒው እያዞሩ ነው ማለት ነው፤ ይገልብጡት። ልምድ ሲያገኙ ጫፉ ውሃ ውስጥ የተጋደመ 8 ቁጥርን እየጻፈ ይመላለሳል።

ጫፉ ስለሚጠልቅ መያዣው ወደ ላይ ይነሳል። ይህን በእጅ ከመታገል ይልቅ መያዣውን በአጭር ገመድ ከጀልባዋ ወለል ጋር ማሰር ነው፤ ገመዱ ከፍታውን ይይዛል፣ እርስዎ ግራ ቀኝ ብቻ ያስኬዳሉ። ለመታጠፍ አንዱን አቅጣጫ ከሌላው ያበርቱ፤ የጀልባዋ አፍንጫ ሰፊው ጫፍ በርትቶ ወደሄደበት ወገን ይዞራል። መጀመሪያ ላይ ጀልባዋ ራሷን ግራ ቀኝ እየነቀነቀች ታናድዳለች፤ ምቱን አጠር ሲያደርጉ ትስተካከላለች።

ሸራ ያላት ጀልባ

በነፋስ ሸራ የሚሄድ ጀልባ አገራችን ውስጥ እምብዛም ነው፤ ውጭ አገር ሐይቅ ዳር የሚኖሩ ወገኖች ግን ይህን ክፍል ሊፈልጉት ይችላሉ። ትንሿ የሸራ ጀልባ ለቀዘፋ ከሞተር ጀልባ የተሻለች ናት፤ ጠባብና ለስላሳ ስለሆነች በቀላሉ ትንሸራተታለች። ነፋስ ጨርሶ ከሌለ ሸራውን አውርደው ያስሩ፤ የሚንጠለጠል ሸራ ማየት ይከለክላል፣ ጀልባዋንም ያወዛውዛል። ከሆዷ ወደ ታች የሚወርደው ጣውላ የሚነሳ ከሆነ አብዛኛውን ከፍ ያድርጉትና ጥቂት ብቻ ይተዉ፤ መሪውን ግን ውሃ ውስጥ ያቆዩት። አንድ ሰው ብቻ ካለ መሪውን መሀል ላይ በገመድ አስሮ ይቅዘፍ። ትንሽም ነፋስ ካለ ሸራውን አያውርዱ፤ ነፋሱ በሌለበት ጎን በአንድ መቅዘፊያ ማገዝ ብቻ ይበቃል።

የሞተር ጀልባ ላይም የወረደውን የፀሐይ ሸራ መጠቀም ይቻላል፤ ነፋሱ ከኋላ ከሆነና ወደሚፈልጉት ዳር የሚወስድ ከሆነ ብቻ። ሁለት ሰዎች ሁለት መቅዘፊያ አቁመው ሸራውን መሀላቸው ይወጥሩ፤ ዝቅ ብለው ተቀምጠው። ጫፎቹን ከጀልባዋ ጋር አያስሩ፤ ነፋሱ ድንገት ሲበረታ እጅ ይለቃል፣ ቋጠሮ ግን አይለቅም።

ባሮ ላይ

ባሮ የመርከብ ታሪክ ያለው ብቸኛ ወንዛችን ነው። አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1902 ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል መነሻነት ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ተቋቋመ፤ በክረምት ወንዙ ሲሞላ የእንፋሎት መርከብ ከሱዳን እየመጣ የምዕራቡንና የደቡብ ምዕራቡን ቡና ጭኖ ይመለስ ነበር። ከጎሬ በበቅሎ ተጭኖ ቁልቁል የወረደው ቡና ካርቱም የደረሰው በዚያ ውሃ ነው። መርከቦቹም ቢሆኑ ወንዙ የሚፈቅድላቸውን ወራት ጠብቀው ነበር የሚመጡት።

ወንዝ ላይ ሞተር ከጠፋ ወደ ላይ ለመቅዘፍ አይሞክሩ። ሥራዎ ወደ ዳር መድረስ ብቻ ነው። አፍንጫዋን ወደ ውሃው መምጫ አዙረው፣ ትንሽ ወደሚፈልጉት ዳር አዘንብለው ይቅዘፉ፤ ውሃው ጎኗን እየመታ ወደዚያው ዳር ይገፋታል። ወደ ታች መውረድዎ አይቀርም፤ እሱን አስቀድመው ይቁጠሩትና መውረጃዎን ከታች ይምረጡ። ወንዙ በሚታጠፍበት ቦታ ውሃው የሚፈጥነውና የሚጠልቀው በውጭኛው ወገን ነው፤ በውስጠኛው ወገን ይረጋል፣ አሸዋም ይከማቻል። ለማረፍ የሚመቸው ውስጠኛው ነው፤ ግን አሸዋ ላይ አዞ እንደሚጋደም አይርሱ፤ ከመውረድዎ በፊት ይዩ፣ በመቅዘፊያ ውሃውን ይምቱ። የተንጋደደ ዛፍ ወዳለበት ዳር ውሃው ከወሰደዎት በሙሉ ኃይል የሚቀዝፉበት ጊዜ ያ ብቻ ነው፤ ውሃ በቅርንጫፍ መሀል ያልፋል፣ ጀልባ ግን ተጣብቃ ትገለበጣለች።

ዳር ሲደርሱ፣ ወይም ሌላ ጀልባ ሲመጣ

ወደ ድንጋያማ ዳር በሞገድ አይግቡ፤ ጥቂት ራቅ ብለው መልህቅ ይጣሉና ገመዱን ቀስ እያሉ ይልቀቁ፣ ጀልባዋ በኋላዋ እየገባች ትጠጋለች። ደንገልና ፊላ ባለበት መቅዘፊያው ይያዛል፤ እዚያ ዘንግ ወደ ወለሉ እየተከሉ መግፋት ይቀላል። ዘንጉ ጭቃ ውስጥ ከተያዘ ይልቀቁት፤ ይዘውት ከቆዩ ጀልባዋ ከሥርዎ ትሄዳለች። ጉማሬ ካዩ በእሱና በጥልቁ ውሃ መካከል አይግቡ። ሲመሽ ለግጦሽ ስለሚወጣ ደንገል ውስጥ ተሸሽጎ ማደር አይገባም።

ሌላ ጀልባ ሲመጣ ሁሉም ደስ ብሎት ይነሳል፤ እንደገና ያስቀምጧቸው። የመጎተቻው ገመድ የሚታሰረው ከአፍንጫዋ በታች ካለው ቀለበት ነው። ወንበር ላይ ወይም ጣሪያው ምሰሶ ላይ ከታሰረ ይነቅለዋል። ገመዱ ረጅም ይሁን፤ ተጎታቿ ከሞገዱ ጋር ሽቅብ ቁልቁል ስትል እንዳይደነቅፋት። የተጎታቿ ክብደት ወደ ኋላ ይሁን፣ በገመዱ መንገድ ላይ ሰው አይቀመጥ፣ ጎታቹም ቀስ ብሎ ይነሳ። ቢላ የያዘ ሰው አፍንጫዋ አጠገብ ይኑር፤ ነገሩ ከተበላሸ ገመዱን ይቆርጣል።

ለተሳፋሪ የምለው አጭር ነው። ሂሳብ ከመክፈልዎ በፊት መቅዘፊያውንና መልህቁን አሳዩኝ ይበሉ፤ ቅር የሚለው ነጂ ካለ ሌላ ጀልባ አለ። ለባለ ጀልባዎችና ለማኅበራት ደግሞ አንድ ልመና አለኝ፤ ሞተሩ ደህና በሆነበት፣ ሐይቁ በተኛበት አንድ ጠዋት ሞተሩን አጥፉና ጀልባችሁን ከነሰዋ ግማሽ ሰዓት ቅዘፏት። መቅዘፊያው ያጥር እንደሆነ፣ ቀለበቱ ይላላ እንደሆነ፣ መቀመጫው ከፍ ይል እንደሆነ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው፤ አናጺውም ከተማ ውስጥ ነው።